ካሜራው ያልተጸየፈው እጅ

«ሰማያዊዋን ሳህን ለብቻዋ እጠቢያት። ስፖንጁንም አትቀላቅዪ ብዬሻለሁ!»

ተናጋሪዋ ናኦሚ ናት፤ የምትታዘዘው ልጇ ኤቢሴ። ሰማያዊዋ ሳህን የማን እንደሆነች አሳምራ የምታውቀው ኡርጌ ደግሞ ከጓዳው ጀርባ ባለችው ክፍሏ አልጋዋን እያነጠፈች ነበር። የአምቦ ጭቃ ቤት በሲሚንቶ ቢለሰን ባይለሰን ወሬ አያስቀርም። ናኦሚም ብትሆን ድምፅዋን ለመቀነስ አልደከመችም፤ ቤቱ የባሏ፣ ጓዳው የራሷ፣ ለማን ብላ ታንሾካሹካለች? ኡርጌ አንሶላውን በግራ እጇ ወጠረችና በቀኟ ጠርዙን ፍራሹ ስር ወተፈችው። ቀኝ እጇ እዚሁ ጓዳ ውስጥ ቡታጋዝ ሲፈነዳ የተረፈ እጅ ነው። ትንሿ ጣቷና የቀለበት ጣቷ ተጣብቀው ቀርተዋል፤ ቆዳው ከአንጓዋ ጀምሮ ሮዝ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ጥፍር የተረፈው በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ላይ ብቻ ነው። አይሸትም፣ አይመግልም፣ ለሰው አይተላለፍም። ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል። ያልዳነው የናኦሚ ሆድ ነው።

ይህ ቤት በአንድ ትሪ የሚበላ ቤት ነው። የኡርጌ ወንድም፣ የናኦሚ ባል ኦቦ ሂርጳ ጡረታ የወጣ መምህርና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ ከምሳም ከእራትም በፊት ዐይኑን ጨፍኖ ረጅም ጸሎት ያደርሳል። «በአንድ ገበታ ስለሰበሰብከን እናመሰግንሃለን» ይላል። አሜን ከተባለ በኋላ ሁሉም እጁን ወደ ትሪው ሲሰድ ኡርጌ ወደ ሰማያዊ ሳህኗ ትዞራለች። ነገሩ መጀመሪያ የመጣው በርኅራኄ ስም ነበር፤ «እጅሽን እንዳያምሽ፣ ተመቻችተሽ ብዪ» ተባለች። ቀጥሎ ብርጭቆዋ ተለየ፣ ቀጥሎ ሊጥ እንዳትነካ ተደረገ፣ አሁን ደግሞ ስፖንጁ። ሂርጳ ይህን ሁሉ ያያል። ካየ በኋላ ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋል። ወንድምና እህት ጎን ለጎን ተቀምጠው ጤፍ መወደዱን፣ የጉደር ሚኒባስ ሰው እንደ ጆንያ መጫኑን ያወራሉ፤ ስለ ሳህኗ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ኡርጌን ከናኦሚ ስፖንጅ ይልቅ የሚያንገሸግሻት የሂርጳ ዝምታ ነው።

ዛሬ ግን ስፖንጁንም ዝምታውንም ልትችል ቆርጣ ነው የተነሳችው። ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል አይታለች፤ ግድግዳዋ በኖራ የተቀባ፣ በሯ ወደ ግቢው ቧንቧ የሚከፈት፣ ኪራይዋ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር። አከራይዋ ወይዘሮ «ደሞዝተኛ ከሆንሽ ነገ ግቢ፣ ካልሆንሽ አልቀልድም» ብላታለች። ደሞዝተኛ የምትሆነው ዛሬ ነው። የወንድሟ ልጅ ሞቱማ እንዲህ ሲል ቃል ገብቶላታል፤ «አዳዳ፣ ይሄን አንድ ቀን ብቻ ተባበሪኝ፣ የኮሌጁ ዲን ወደ መስኮትሽ ይመልስሻል።» መስኮቷ ማለት ሞቱማ የሚያስተምርበት የግል ኮሌጅ የሬጅስትራር መስኮት ነው። እዚያ ከቃጠሎው በፊትም በኋላም ጸሐፊ ነበረች፤ ደብዳቤ ትተይባለች፣ ለተማሪ ወረቀቱን በመስኮት ታቀብላለች። አንድ ቀን የአንዲት ተማሪ እናት ወረቀቱን ከእጇ ላለመቀበል «እዚያ አስቀምጪው» አለቻት። በሳምንቱ ኮሌጁ «ለጊዜው ቤት ሁኚ» አለ። ጊዜው እስካሁን አላለቀም።

«አዳዳ፣ ተነሳሽ?» አለ ሞቱማ ከደጅ። አዳዳ የአባት እህት ማለት ነው፤ ሞቱማ ይህችን ቃል ከአፉ የሚያወጣት ጉዳይ ሲኖረው ነው። ሱፉን ለብሷል፣ ላፕቶፑን አንግቷል፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ገብቷል።

የሠራው ነገር ሲያወሩት ተአምር፣ ሲያዩት ወረቀት ነው። የኪቦርድ ፊደላት የታተሙበት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይለጠፋል፤ ከላይ በብረት ዘንግ የታሰረች ትንሽ ካሜራ ቁልቁል ታፈጣለች፤ ሰው ጣቱን ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፍ ካሜራዋ የትኛው ፊደል ላይ እንዳረፈ አይታ ለላፕቶፑ ትነግረዋለች፣ ፊደሉም ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። የሚጫኑት ቁልፍ የለም። በመጀመሪያ በራሱ ጣቶች ሞክሮት ነበር፤ ቡናማ ጣት በቡናማ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ካሜራዋ ጣቱን ከጥላው መለየት አቅቷት ዝባዝንኬ ስትጽፍ ከረመች። አንድ ምሽት አክስቱ አምፖል ስር ምስር ስትለቅም የእጇን ማብለጭለጭ አየና ዐይኑ በራ። ከዚያ ወዲህ ስንት ምሽት እጅሽን ዘርጊ፣ እጠፊ፣ ቀኝ፣ ግራ እያለ ሲቀርጻት ቆየ። ካሜራዋ ያንን ሮዝ ቆዳ ወደደችው፤ ጣቶቿ በሄዱበት ሁሉ ተከትላ አትስታቸውም። በዚያ ቤት ያንን እጅ ፊቷን ሳታዞር ያየች እሷ ብቻ ናት ብላ ኡርጌ ለብቻዋ ስቃለች። ሞቱማ ግን በነዚያ ምሽቶች ሁሉ እጇን አንዴ እንኳ ነክቶት አያውቅም። ጣቷን ፈቀቅ ማድረግ ሲፈልግ በእስክሪብቶው ክዳን ይገፋዋል። ሲጨርስ ክዳኑን ውጪ ይዞ ወጥቶ በአልኮል ሲያብስ በመስኮት አይታዋለች። አይታም ቻለችው፤ ክፍሏ፣ ኖራው፣ ቧንቧው በዐይኗ እየመጣባት።

ኮሌጁ የሄዱት በባጃጅ ነው። ናኦሚም «የፈጠራው ባለቤት እናት» ተብላ ስለተጠራች ሠርግ ስትጠራ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ መጣች። ሞቱማ ከሾፌሩ ጎን ስለተቀመጠ የኋላው ወንበር ለሁለቱ ሴቶች ሰፊ ነበር፤ ናኦሚ ግን ቦርሳዋን መሀላቸው አስቀመጠች። መንገዱን ሙሉ ስለ ቲማቲም አወራች፤ ኪሎው አሥራ ሁለት ብር ገባ፣ ነጋዴ እግዜርን አይፈራም፣ በእንጭኒ ገበያ ግን ግማሽ ዋጋው ነው አሉ። ኡርጌ «እህ» ትላለች። ባጃጁ ጉድጓድ ላይ ሲነጥር ኡርጌ ሳታስበው ለመያዝ እጇን ወደ ናኦሚ ትከሻ ሰደደች፤ ናኦሚ ገና ሳይነካት ተሰበሰበች። ሁለቱም እንዳላየ ሆኑ። የቲማቲሙም ወሬ ካቆመበት ቀጠለ።

አዳራሹ በላስቲክ አበባ አጊጧል። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት አንድ የእርዳታ ድርጅት ከአዲስ አበባ የላከው እንግዳ አቶ ማዕረግና የኮሌጁ ዲን ኦቦ ኤጄታ ናቸው፤ ድርጅቱ ነገሩን ከወደደው ገንዘብ ይሰጣል፣ ሞቱማም የፕሮጀክቱ ኃላፊ ይሆናል። ኡርጌን መድረኩ ላይ ጠረጴዛው ፊት አስቀመጧት። ፊቷን ወደ ሰው ልታዞር ብትል ሞቱማ «አያስፈልግም፣ ወደ ወረቀቱ» አላት። ወዲያው ፕሮጀክተሩ በራና ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ወጣ፤ አዳራሹ «ውይ!» አለ። እጇ ነው። ፎቶው ከወለል እስከ ጣሪያ ተለጥጧል፣ እያንዳንዱ ጠባሳ የበግ ቆዳ ያክላል፣ የተጣበቁት ጣቶች ብቻቸውን ሰው ያክላሉ። ከፊት ያለች አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳበች፤ ግድግዳ ይሸት ይመስል! ፎቶው ለሰው እንዲታይ ማንም አላስፈቀዳትም ነበር።

«ክቡራን እንግዶች» አለ ሞቱማ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ «እኚህ እናት እጃቸው ከተጎዳ ጀምሮ አንዲት ፊደል እንኳ መጻፍ አልቻሉም ነበር። ኪቦርድ ለእሳቸው የተዘጋ በር ነው። ዛሬ ግን ያ በር ተከፍቷል።»

ኡርጌ ጆሮዋን አላመነችም። የሞቱማን የዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ያን ሁሉ ገጽ፣ ከነሠንጠረዡ፣ በተራ ኪቦርድ የተየበችለት በዚሁ በተቃጠለ እጇ ነው! ያኔ «እጅሽ ይባረክ» ብሏት ነበር። ቀና ብላ አየችው፤ ዐይኑን ወደ እንግዳው አሸሸ። ናኦሚን አየቻት፤ ናኦሚም ታውቃለች፣ ጽሑፉ ሲተየብ ሻይ ታፈላ የነበረችው እሷ ናት፤ አሁን ግን ጉንጯን ደግፋ የልጇን ንግግር እንደ ስብከት ታዳምጣለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ይሄ ግን ከብዶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። ልትናገር አፏን ልትከፍት ነበር። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችው ክፍል ታወሰቻትና አፏን ገጠመች። ደሞዝተኛ ካልሆንሽ አልቀልድም።

ጻፈች። በሁለቱ ጤነኛ ጣቶቿና በተጣበቁት ጫፍ ወረቀቱን ነካ ነካ አደረገች፤ ግድግዳው ላይ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ «በገ ነጋን ዱፍተን» የሚል ወጣ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ ማለት ነው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አቶ ማዕረግ በጣም ተገርመው እኔም ልሞክር አሉ፤ ወጡና ወፍራም ጣቶቻቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ጭራና ቀንድ የሌለው የፊደል ክምር ነበር። ሞቱማ አላበው፤ «የመብራቱ ችግር ነው» አለ። ዲኑ ሞከሩ፣ ያው። «አያችሁ፣ መሣሪያው ለጤነኛ ሰው አይደለም፣ ለተጎዱት ብቻ ነው የሚታዘዘው!» አሉ ዲኑ ቶሎ ብለው፤ ሰው በዚህም አጨበጨበ። እንግዳው እንባቸው ሊመጣ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ኡርጌን መሀል አድርገው ፎቶ ተነሱ፤ እጅሽን ከፍ አድርጊው፣ ትንሽ ከፍ፣ እንዲታይ። በግራዋ የቆመው ሞቱማ ትከሻዋን ያቀፈ መስሎ መዳፉን አየር ላይ አንሳፎ ቆመ።

ለምሳ ወደ ጎን አዳራሽ ሲሄዱ፣ ኡርጌ እጅ መታጠቢያው ጋ ዲኑን አገኘቻቸው። ሞቱማም አጠገባቸው ሳሙና ይዞ ነበር።

«ኦቦ ኤጄታ፣ እንግዲህ ሰኞ ልምጣ?»

«የት?»

«መስኮቱ ጋ። ሥራዬ ጋ።»

ዲኑ ሞቱማን አዩት። ሞቱማ ሳሙናውን አየ።

«ኡርጌ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ዛሬ ያደረግሽልንን አንረሳም» አሉ ዲኑ እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ። «እንግዳ በመጣ ቁጥር እናስጠራሻለን። የባጃጁን እኛ እንችላለን። መስኮቱ ግን... ሰው ገና ሲመጣ የሚያየው እሱን ነው፤ ወላጅ አለ፣ ልጆች አሉ፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ይሄንን እኮ ለሞቱማ ገና ስንጀምር ነግሬዋለሁ።»

«ገና ስትጀምሩ?»

«አልነገረሽም እንዴ?»

ሞቱማ «በኋላ እናወራለን አዳዳ፣ እንግዳው እየጠበቀ ነው» ብሎ ሹልክ አለ። ኡርጌ ቧንቧው እንደተከፈተ ቆማ ቀረች። ያለቀሰች መስሏት ፊቷን ነካችው፤ ደረቅ ነው። ውስጧ የነበረው ለቅሶ ሳይሆን ማስመለስ ነበር፤ የእስክሪብቶው ክዳን፣ የግድግዳው ፎቶ፣ ያ የሚንሳፈፍ መዳፍ፣ ያ የወንድሟ ቴሌቪዥን፣ ሁሉም አንድ ላይ ጉሮሮዋ ላይ ቆመው። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው እሷን ሲጸየፍ «እውነታቸውን ነው» ስትል ኖራለች። ሰው ሰውን መጸየፍ ምን እንደሚመስል በራሷ ሆድ ያወቀችው ዛሬ ነው። ሳሙናውን አንስታ እጇን ታጠበች፤ የተጣበቁትን ጣቶች፣ አንጓዋን፣ ክርኗ ድረስ። የታጠበውን እጅ ሳታደርቅ ገባች።

ሦስት ትልልቅ ትሪ ቀርቧል፤ ጥብስ፣ አይብ፣ ቆስጣ፣ ቀይ ወጥ፣ ዙሪያውን የአምቦ ውሃ። በክብር እንግዳው ትሪ ዙሪያ አቶ ማዕረግ፣ ዲኑ፣ ሞቱማና ናኦሚ ተቀምጠዋል። ከግድግዳው ጥግ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ለብቻው የተደረገ አንድ ሳህን ነበር፤ በላዩ ሶፍት ተሸፍኖበታል። አንዷ አስተናጋጅ «እናቴ፣ ለእርስዎ እዚያ ነው፣ እንዲመችዎ ብለን» አለቻት። ማን እንዳዘዛት መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ናኦሚ አንገቷን ቀብራ እንጀራ ትቆርሳለች። ኡርጌ ሳህኑን አልፋው ሄደች። ወንበር ጎትታ በሞቱማና በእንግዳው መሀል ገባች፣ ተቀመጠች፣ እጇን ወደ ትሪው ሰደደች።

ያን ጊዜ የሆነውን ማየት ነው። ዲኑ «እኔስ ጠገብኩ፣ ጧት ቁርስ አጥብቄ ነበር» አሉና እጃቸውን ሰበሰቡ። ናኦሚ የያዘችውን ቁራሽ ትሪው ጠርዝ ላይ ትታ ውሃ አነሳች። ሞቱማ ስልኩ የጠራ መስሎ ኪሱን ዳበሰ። አቶ ማዕረግ «ብሉ እንጂ፣ ብሉ» እያሉ ሌላውን ይጋብዛሉ፣ እሳቸው ግን ከራሳቸው ጥግ ካለው ቆስጣ አልፈው አልመጡም። በዚያው አፋቸው ከደቂቃዎች በፊት «ይሄ እጅ ታሪክ ሠራ» ብለው ነበር። ኡርጌ ሁሉንም አየች። ምግቡ ጣፋጭ ነው። ሁለት ሦስት ጎረሰች፣ ማንም እጁን አልመለሰም።

ከዚያ ደህና ትልቅ እንጀራ ቆረሰች። ጥብስ አደረገችበት፣ አይብ አደረገችበት፣ በተጣበቁት ጣቶቿ ደገፍ አድርጋ በአውራ ጣቷ ጠቀለለችው፣ ወጡ በሮዙ ቆዳ ላይ እስከ አንጓዋ ወረደ። ወደ ሞቱማ ዞረች።

«እንካ ልጄ። በሞቴ!»

ሞቱማ ወደ ኋላ ተለጠጠ። «አዳዳ፣ እኔ... ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ አልኩህ። በአባትህ ሞት!»

«ልጄ ጨጓራ አለበት!» አለች ናኦሚ ግማሽ ተነስታ። «ቅመም አይስማማውም!»

አቶ ማዕረግ ግን ስልካቸውን አውጥተው ካሜራውን ደግነው ነበር። «ጉርሻ! ባህላችን እኮ ነው! ጠብቁ፣ ጠብቁኝ... አሁን አጉርሺው!» አሉ ደስታቸው ፊታቸው ላይ እየፈሰሰ። ዲኑም ለእንግዳው ሲሉ ፈገግ አሉ፣ በጠረጴዛው ስር ግን የሞቱማን እግር በእግራቸው ገፋ አደረጉት። በሌሎቹ ትሪዎች ያለውም ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። ገንዘቡ፣ ኃላፊነቱ፣ ፎቶው፣ ሁሉም በዚያች ጥቅልል ውስጥ ገቡ። ሞቱማ ካሜራውን አየ፣ ጉርሻውን አየ፣ ጉርሻውን የያዙትን ጣቶች አየ። ዐይኑን ጨፈነና አፉን ከፈተ።

ኡርጌ አልቸኮለችም። ጣቶቿን ከነጥቅልሉ አስገብታ፣ ከንፈሩ ጠባሳዋን እስኪነካ ድረስ፣ አጎረሰችው። ስታወጣቸውም ቀስ ብላ ነው። የሞቱማ ጉንጭ አብጦ ቆመ። አላኘከም። ቢተፋው እንግዳው ያየዋል፣ ቢውጠው ሆዱ እንቢ ይላል፤ ዐይኑ በእንባ ሞላ፣ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ አለ። አቶ ማዕረግ ያነሱትን ፎቶ አይተው «አለቀሰ! አያችሁ፣ ፍቅር ነው!» አሉ።

ኡርጌ የሞቱማን ፊት አየችና የማስመለስ ስሜቷ በእጅ እንደተወሰደ ሁሉ ለቀቃት። ቀለላት። ዕዳው ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

«ሁለተኛው ይቀራል እኮ!» አሉ አቶ ማዕረግ፣ ስልካቸውን እንደገና ደግነው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ነው የሚባለው። በይ ድገሚው!»

አዳራሹ ይጠብቃታል። ሞቱማ ያልተዋጠውን እንደያዘ አንገቱን ነቀነቀ፣ ናኦሚ ነጠላዋን ጨብጣለች። ኡርጌ ትሪውን በተቃጠለው እጇ ወደ ራሷ ሳበችው።

«አይ፣ አንድ ይበቃዋል» አለች። «እኔ የፈለግሁት ያጣላል የሚባለውን ነው።»

እንጀራ ቆረሰችና ለራሷ ጎረሰች።